እኩል ዋጋ ላለው ሥራ እኩል ክፍያ፦ የጤናና የቤተ መጻሕፍት ሙያ በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋ

በአማርኛችን «ባለሙያ» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። «እርሷ ባለሙያ ናት» ሲባል በብዙዎቻችን አሳብ የምትመጣው ወጡን የምታጣፍጥ፣ ጠላውን የምትጠምቅ፣ ቤቷን የምታሰናዳ ሴት ናት። «እርሱ ባለሙያ ነው» ሲባል ግን በመሥሪያ ቤት ተቀጥሮ፣ ደረጃ ተሰጥቶት፣ በወሩ መጨረሻ ደመወዝ የሚቀበል ሰው ይታሰበናል። ቃሉ አንድ ሲሆን ዋጋው ተለያየ፤ የመጀመሪያዋ ምስጋና ታገኛለች፣ ሁለተኛው ክፍያ ያገኛል።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ትምህርት ይህ የቃል ልዩነት በደመወዝ መዝገብ ላይ እንዴት እንደሚታይ በሁለት ሙያዎች አማካይነት እንመለከታለን። አንደኛው የጤና አገልግሎት፣ ሁለተኛው የቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ነው። ሁለቱን በአንድነት የመረጥናቸው የሚጋሩት ጠባይ ስላላቸው ነው። ክትባት በወቅቱ ያገኘ ሕፃን በኩፍኝ አይታመምም፤ ያልታመመውን ሕፃን ደግሞ ማንም ቆጥሮ አያመሰግንም። አንድ ተማሪ የፈለገውን መጽሐፍ ሲያገኝ መጽሐፉን ያመሰግናል እንጂ ቦታ ቦታ አስይዞ ያቆየለትን እጅ አያስታውስም። ሥራቸው በደንብ ሲከናወን የማይታይ ሠራተኞች ክፍያቸውም እንዳይታይ ይሆናል። ልናስተምር የምንወደው ዋና ነገር በአጭሩ ይህ ነው፤ ሙያ በስሙ ካልተጠራና ካልተመዘነ ተገቢ ዋጋውን አያገኝም፤ ሥልጠናም ከደረጃና ከክፍያ ጋር ካልተያያዘ ፍትሕን አያመጣም።

፩. ጎንደር የሙያ ሥልጠና ቦታ ሆና

ስለ ጤና ሙያ ሥልጠና ሲነሣ ጎንደር ከፊት የምትጠራ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። መቅሠፍቱ ለአገሪቱ አንድ ነገር ግልጽ አደረገ፤ በገጠር ተሠማርቶ በሽታን አስቀድሞ የሚከላከል የሠለጠነ ሰው አልነበረም። በማግሥቱ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1954፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅትና ከአሜሪካ የቴክኒክ ርዳታ ጋር በመተባበር በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከልን ከፈተ።

ኮሌጁ ያሠለጠነው በቡድን ነበር። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ጠባቂ በአንድነት ተምረው፣ ቆላ ድባን በመሳሰሉ ጤና ጣቢያዎች በአንድነት እየተለማመዱ፣ ወደ ገጠር በአንድነት ይላኩ ነበር። አሳቡ መልካም ነበር፤ አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም። ሆኖም በቡድኑ ውስጥ ጤና መኮንኖቹ በአብዛኛው ወንዶች፣ የማኅበረሰብ ነርሶቹ በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። አዛዡና ታዛዡ፣ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ደረጃ፣ ገና ከትምህርት ቤት ደጃፍ በጾታ ተከፍለው ወጡ ማለት ነው። በሥራው መስክ ግን ለምጥ የተያዘችውን እናት በሌሊት የምትደርስላት ነርሷ ነበረች።

ከዚያ ዘመን የምናገኘው ሌላ ትምህርት አለ። ጤና መኮንኖቹ በገጠር ከባድ ኀላፊነት ቢሸከሙም ወደ ላይ የሚያወጣቸው የሙያ መሰላል ግልጽ ባለመሆኑ ቅሬታ ነበራቸው፤ ብዙዎቹም በሕክምና ትምህርት ወይም በባሕር ማዶ ሌላ መንገድ ፈለጉ። እ.ኤ.አ. በ1978 ኮሌጁ በምሥራቅ ጀርመን ከሚገኘው የላይፕሲክ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሕክምና ዶክተሮችን ማሠልጠን ጀመረ፤ የጤና መኮንኖች ሥልጠና ተቋርጦ ቆይቶ እንደገና የተጀመረው በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ነው። የሠለጠነ ሰው ማደጊያ ካላገኘ ሥልጠናው እንደሚባክን ከዚህ እንረዳለን። ዛሬ ያ ኮሌጅ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ከከተማው ወጣ ብሎ የሚገኘው የጠዳ ጤና ሳይንስ ኮሌጅም መካከለኛ የጤና ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። ስለዚህ ችግራችን የማሠልጠኛ እጦት ብቻ አይደለም፤ ከሥልጠና በኋላ የሚመጣውም ጉዳይ ነው።

ስለ መጻሕፍትም ቢሆን ጎንደር ባዳ አይደለችም። በፋሲል ግቢ ውስጥ ከሚታዩት ሕንፃዎች አንዱ እ.ኤ.አ. ከ1667 እስከ 1682 የነገሡት የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት ነው። በአድባራቱ ደግሞ መጻሕፍት ከመስቀሉና ከጽናው ጋር በዕቃ ቤት ይጠበቁ ነበር። ይህ ልማድ ብዙ ብራናዎችን አድኖልናል። ነገር ግን አንድ አስተሳሰብም ትቶልን ሄዷል፤ መጽሐፍ የሚይዝ ሰው ዕቃ ጠባቂ ነው የሚለውን። መጠበቅና ማገልገል ግን የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ በአብዛኛው ከጎንደር አድባራት ሰብስበው በመቅደላ ካከማቿቸው መጻሕፍት 350 ያህሉ እ.ኤ.አ. በ1868 ከተደረገው ጦርነት በኋላ ወደ ብሪታንያ ቤተ መዘክር ገቡ። ዛሬ የትኛው መጽሐፍ በየትኛው ቁጥር እንደሚገኝ ልናውቅ የቻልነው እ.ኤ.አ. በ1877 ዝርዝራቸው ተዘጋጅቶ ስለ ታተመ ነው። የዚያን የቴዎድሮስ ቤተ መጻሕፍት ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1973 በጥናት ያቀረቡልንም በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲውን ቤተ መጻሕፍት ይመሩ የነበሩት ወይዘሮ ሪታ ፓንክረስት ናቸው። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሥራ የሕዝብን ትዝታ ከመጥፋት እስከ ማዳን እንደሚደርስ ከዚህ እንገነዘባለን።

፪. «ተመሳሳይ ሥራ» እና «እኩል ዋጋ ያለው ሥራ»

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሴቶች ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ አንቀጽ 35ም በቅጥር፣ በዕድገትና በክፍያ እኩልነታቸውን ያረጋግጣል። በዚህ ሕግ መሠረት በአንድ ሆስፒታል፣ በአንድ ደረጃ የሚሠሩ ወንድ ነርስና ሴት ነርስ የተለያየ መነሻ ደመወዝ ሊሰጣቸው አይችልም። በመንግሥት የደመወዝ ስኬል ላይ ለወንድ ሌላ፣ ለሴት ሌላ ዓምድ የለም። ብዙ ሰዎች ይህን አይተው «እንግዲያው በእኛ ዘንድ የክፍያ ልዩነት የለም» ይላሉ።

ልዩነቱ ግን ከአንዱ የሥራ መደብ ወደ ሌላው የሥራ መደብ ስንሻገር ይታያል። ሴቶች የሚበዙበት መደብ ከመጀመሪያው ዝቅ ያለ ደረጃ ከተሰጠው፣ በመደቡ ውስጥ ያሉት ሁሉ፣ ወንዶቹም ጭምር፣ ዝቅ ያለ ክፍያ ይቀበላሉ። በዚህ ምክንያት የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1951 ባወጣው 100ኛ ስምምነት «እኩል ዋጋ ላለው ሥራ» የሚለውን አነጋገር መረጠ። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት በመጋቢት 1991 ዓ.ም. አጽድቃለች። የ2010 ዓ.ም.ቱ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064ም እኩል ዋጋ ያላቸው የሥራ መደቦች እኩል መነሻ ደመወዝ እንዲኖራቸው የሚለውን መርሕ ይዞ ነበር። ስለዚህ መርሑ በአገራችን የታወቀ ነው። የሚቀረው ጥያቄ «የሥራው ዋጋ በምን ይለካል?» የሚለው ነው።

፫. አራቱ መመዘኛዎች

የአንድ ሥራ ዋጋ በአራት ነገር ይመዘናል። እነዚህም የሚጠይቀው ዕውቀትና ችሎታ፣ የሚያስከትለው የአካልና የአእምሮ ድካም፣ የሚያሸክመው ኀላፊነት እና የሚሠራበት ሁኔታ ናቸው። በሁለት ምሳሌዎች እንያቸው።

የመጀመሪያዋ ምሳሌያችን በበየዳ ወይም በጃናሞራ ደጋ በአንድ ጤና ኬላ የምትሠራ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁ ወጣት ሴቶች ለአንድ ዓመት ሠልጥነው፣ 5,000 ያህል ሕዝብ ባለበት ቀበሌ ሁለት ሁለት ሆነው በደመወዝ ተመደቡ። ሥራቸው በ16 የጤና ክፍሎች ተዘርዝሮ በዋናነት ማስተማርና መከላከል ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ሥራው አደገ። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበር የወሊድ መከላከያ ማስገባትን ተማሩ፤ ከ2003 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ደግሞ የሕፃናትን የሳንባ ምች በጤና ኬላ እንዲያክሙ ተፈቀደላቸው።

እንግዲህ እንመዝን። በችሎታ ረገድ፣ የሕፃኑን ትንፋሽ በደቂቃ ቆጥራ ጉንፋንን ከሳንባ ምች ትለያለች፤ እንደ ዕድሜው የመድኀኒቱን መጠን ትወስናለች። በድካም ረገድ፣ የክትባቱን ማቀዝቀዣ ሣጥን አንግታ ዳገትና ቁልቁለት ትጓዛለች። በኀላፊነት ረገድ፣ ክትባቱ ከተገቢው ቅዝቃዜ ቢወጣ፣ ሪፖርቱ ቢዛባ፣ ምልክቱ ቢያመልጣት የምትጠየቀው እርሷ ናት። በሥራ ሁኔታ ረገድ፣ ከዘመድ ርቃ ትኖራለች፤ በሌሊት ትጠራለች፤ በመንገድ ላይ ለሚደርስባት ነገር ዋስትናዋ ጥቂት ነው። «መካሪ» ብቻ ተብላ ብትጠራ ከእነዚህ ሁሉ አንዱም በደረጃዋ ላይ አይቆጠርም። በ1992 ዓ.ም. ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ አገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አሳይቶ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ለዚህ መሻሻል ብዙ ምክንያት ቢኖርም የእነዚህ ሴቶች እግርና እጅ ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑን የሚክድ የለም።

ሁለተኛው ምሳሌያችን በትምህርት ቤት ወይም በኮሌጅ የሚሠራ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነው። ከንብረት ክፍል ሠራተኛ ጋር እናወዳድረው። ሁለቱም ቆጥረው ይረከባሉ፤ ሁለቱም ለሚጠፋው ይጠየቃሉ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ግን ከዚህ ያለፈ ዕውቀት ይፈለግበታል። የኢትዮጵያ ደራሲ በራሱ ስም እንጂ በአባቱ ስም እንደማይመዘገብ፣ ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ሐዲስ» እንጂ በ«ዓለማየሁ» እንደማይፈለጉ ያውቃል። «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» በተለያየ አጻጻፍ ሲመጡ አንባቢው እንዳይጠፋበት ያያይዛቸዋል። የእኛን ዓመተ ምሕረት ከአውሮፓው ዘመን ጋር ያስተያያል። መጻሕፍቱን በትምህርት ዓይነት ለይቶ ቁጥር ይሰጣል።

በጤና ትምህርት ቤት ውስጥ ከሆነ ደግሞ ሥራው ከሕይወት ጋር ይገናኛል። ያረጀ መጽሐፍ ያረጀ የመድኀኒት መጠን ይዞ ሊገኝ ይችላልና የትኛው እትም እንደ ተሻረ ማወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት ሂናሪ በተባለው መርሐ ግብር አማካይነት ለድሃ አገሮች ተቋማት የሕክምና መጽሔቶችን በነፃ ወይም በጥቂት ክፍያ እንዲያነቡ በሩን ከፍቷል። በሩ መከፈቱ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ነርሷንና ሐኪሙን እጃቸውን ይዞ የሚያስገባቸው የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል። ያን ሰው እንደ ቁልፍ ያዥ ብቻ ብንከፍለው በሩን ከፍቶ ከመቆም አልፎ እንዲሠራ ልንጠይቀው አንችልም።

በእነዚህ በአራቱ መመዘኛዎች መለካት ሁሉም እኩል ይከፈለው ማለት አይደለም። ለብዙ ዓመታት የተማረ፣ ከባድ ውሳኔ የሚሸከም ሐኪም የበለጠ ቢከፈለው ፍትሕ ነው። የክፍያ ፍትሓዊነት የሚጠይቀው ልዩነቱ በሚታወቅና በሚነገር ምክንያት እንዲሆን ነው።

፬. ከሌላው ዓለም የምናገኘው ትምህርት

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በዴንቨር ከተማ የሚሠሩ ነርሶች ከከተማው ዛፍ ከርካሚዎች ያነሰ እንደሚከፈላቸው አስረድተው ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ1978 የተሰጠው ፍርድ ግን ረታባቸው፤ ፍርድ ቤቱ የነርሶች ሥራ ከዋጋው በታች ሲከፈለው መኖሩን ባይክድም፣ የቆየውን የገበያ ልማድ ለመለወጥ አልፈቀደም። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1981፣ በካሊፎርኒያ በሳን ሆዜ ከተማ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ያሉበት የከተማው ሠራተኞች ማኅበር ሌላ መንገድ ያዘ። በቅድሚያ ሥራዎቹ በነጥብ እንዲመዘኑ ተደረገ፤ ሴቶች የሚበዙባቸው መደቦች በነጥብ ከሚስተካከሏቸው መደቦች ያነሰ እንደሚከፈላቸው ታወቀ። ከዘጠኝ ቀን የሥራ ማቆም በኋላ ከተማው ልዩነቱን ለማጥበብ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል መደበ። የዴንቨር ነርሶች ፍርድ ቤቱን ልማዱን አስለውጡልን ብለው ሳይሳካላቸው ቀረ፤ የሳን ሆዜ ሠራተኞች ግን ልኬቱን በእጃቸው ይዘው ስለ ተነሡ የሚደራደሩበት ማስረጃ ነበራቸው።

ችግሩ ግን ገና በመላው ዓለም አለ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት በጤናና በእንክብካቤ ሥራ ከተሠማሩት 67 በመቶው ሴቶች ናቸው፤ ዕድሜ፣ ትምህርትና የሥራ ሰዓት ከተስተካከለም በኋላ ከወንዶቹ 24 በመቶ ያነሰ ያገኛሉ።

፭. ያለ ክፍያ የሚሠራ ሥራ

በአገራችን ከደመወዝ ልዩነት የሚብስ ነገር አለ፤ እርሱም ምንም የማይከፈልበት የጤና ሥራ ነው። በደርግ ዘመን የማኅበረሰብ ጤና ወኪሎችና የሠለጠኑ የልምድ አዋላጆች ድጋፋቸውን ከየገበሬ ማኅበራቸው እንዲያገኙ ታስቦ ነበር፤ በብዙ ቦታ ያ ድጋፍ አልዘለቀም፣ ሠራተኞቹም ሥራውን ተዉት። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በሴቶች የልማት ቡድን አንዲት እናት አምስት ቤተሰብ ይዛ፣ እርጉዞችን እየመዘገበች፣ ስለ ክትባትና ስለ መጸዳጃ እያስተማረች ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እንድታሳውቅ ተደረገ። ለዚህ ሥራዋ ደመወዝ አልተመደበላትም። የእርሻው፣ የእንጨቱ፣ የውኃውና የልጁ ሥራ ግን እንዳለ ነው።

በዚህ ላይ «በጎ ፈቃድ ምግባር አይደለምን?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። አዎን፣ ምግባር ነው። ይሁን እንጂ ስጦታ ስጦታ የሚሆነው እምቢ ማለት ሲቻል ነው። በስብሰባ የታዘዘ፣ በሪፖርት የሚጠየቅ፣ በቀረ ጊዜ የሚያስወቅስ ሥራ ሥራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ለማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች እንደ ሥራቸው ክብደት፣ እንደ ሰዓታቸውና እንደ ሥልጠናቸው እንዲከፈላቸው መክሯል። አገር ድሃ ናት፣ ገንዘብ የለም የሚለውም መልስ እውነት አለው። ነገር ግን ድህነቱን እኩል እንካፈለው እንጂ ሸክሙ ሁሉ ዝም በሚሉት ሴቶች ትከሻ ላይ አይውደቅ። ሙሉ ደመወዝ መክፈል ካልተቻለ ሰዓቱን መገደብ፣ ለስብሰባ ጉዞ የሚወጣውን መሸፈን፣ የሠራችውን በምስክር ወረቀት አረጋግጦ ለሚቀጥለው ቅጥር እንዲቆጠርላት ማድረግ ይቻላል።

፮. ሥልጠናው ለማን፣ ለምን፣ ከዚያስ በኋላ?

ስለ ሥልጠና ሦስት ነገር ልንጠይቅ ይገባል።

አንደኛ፣ ማን ይሄዳል? ሥልጠና በጎንደር ወይም በባሕር ዳር ሲዘጋጅ ከሰሜን ደጋ ለመምጣት ረጅም መንገድ አለ፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገዱ ራሱ አስፈሪ ሆኖ ታይቷል። የምታጠባ እናት፣ ልጅ የምታስቀምጥበት የሌላት ሠራተኛ ዕድሉን ለሌላ ትታ ትቀራለች። ስሟ በዝርዝሩ ላይ መኖሩ ብቻ ዕድል አይሆንም። ሥልጠናው ወደ ወረዳው ቢቀርብ፣ ሕፃን ይዞ መምጣት ቢፈቀድ የሚለወጠው ብዙ ነው።

ሁለተኛ፣ ለምን ይሄዳል? ውሎ አበሉ ከሥልጠናው ይልቅ የሚፈለግ ከሆነ ይህ ራሱ የደመወዙን ማነስ ይመሰክራል። አበል የደመወዝን ጉድለት ሲሞላ፣ የሚላከው ሰው ለሥራው የሚያስፈልገው ሳይሆን ለአለቃው የሚቀርበው እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ሲመለስ ምን ይጠብቀዋል? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከደረጃ 3 ወደ ደረጃ 4 የሚያድጉበት ትምህርት መዘርጋቱ መልካም እርምጃ ነው። የብቃት ምዘናውን አልፎ የተመለሰ ሠራተኛ ደረጃውና ደመወዙ በጊዜው ካልተስተካከለለት ግን ሥልጠናው ወደ ሌላ ሥራ መሸጋገሪያ ብቻ ይሆናል። በቤተ መጻሕፍት ሙያም እንዲሁ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1990 የተከፈተው የኢንፎርሜሽን ሳይንስ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ብዙ ባለሙያዎችን አፍርቷል። እንዲህ የሠለጠነ ሰው በደጋ ላይ ባለ ትምህርት ቤት እንዲቀር ከፈለግን የሥራ መደቡ ለሙያው የሚመጥን መሆን አለበት።

በግንቦት 2017 ዓ.ም. በብዙ ሆስፒታሎች የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ አንሥተው ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸው ይታወሳል። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮም የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ተሻሽሏል። የደመወዝ ጭማሪ አስፈላጊ ነው፤ ሆኖም ደረጃው የተዛባበት መደብ ጭማሪ ስለ ተደረገ ብቻ አይቃናም። ስለዚህ «ስንት ተጨመረ?» ከሚለው ጋር «ሥራው በትክክል ተመዝኗልን?» ብለን መጠየቅን እንልመድ።

፯. በቁምስናችን ልናደርገው የምንችለው

ቤተ ክርስቲያናችን ስለ ደመወዝ ፍትሕ ማስተማር ከጀመረች ቆይታለች። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 ባወጡት ሐዋርያዊ መልእክት፣ ሠራተኛው በችግር ተገፍቶ የተስማማበት ክፍያ ሁሉ ፍትሓዊ ነው እንደማይባል አስረድተዋል። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1981 የአንድ ኅብረተሰብ ፍትሕ ከሁሉ በላይ የሚፈተነው በሚከፍለው ደመወዝ መሆኑን አስተምረዋል፤ በ1995 ለሴቶች በጻፉት መልእክትም ለእኩል ሥራ እኩል ክፍያ እንዲሰጥ አሳስበዋል።

ይህን ትምህርት ለመንግሥት ብቻ ማንበብ ተገቢ አይደለም። በየቁምስናው፣ በየትምህርት ቤቱና በየክሊኒኩ እኛም አሠሪዎች ነን። ስለዚህ አራት ነገር እንመክራለን። አንደኛ፣ በእኛ ዘንድ የሚሠራው ሥራ ሁሉ፣ የሚከፈልበትም የማይከፈልበትም፣ በጽሑፍ ይዘርዘር፤ መጻሕፍቱን የምትጠብቀው፣ ድንገተኛ ሕመምተኛ የምትረዳው፣ ሕፃናቱን የምታስተምረው ሁሉ ይካተቱ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ሥራ በአራቱ መመዘኛዎች ይታይ። ሦስተኛ፣ በፈቃድ የሚያገለግል ሰው ሰዓቱና ዘመኑ ይወሰን፤ «እስከ መቼ?» ብሎ ለመጠየቅ እንዳያፍር። አራተኛ፣ ለሥልጠና የምንልከው ሰው ሲመለስ ምን እንደሚሠራና ምን እንደሚያገኝ ከመሄዱ በፊት ይነገረው።

«ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ይላሉ አበው። ሥራው ለሠሪው ነው ካልን ዋጋውም ለሠሪው፣ ለሠሪዋም ይሁን። «ባለሙያ ናት» ብለን ያመሰገንናት ሴት ሙያዋ በመዝገብ ሲጻፍ ከምስጋናው ጋር የሚገባትን ታገኛለች፤ ያን ጊዜ ቃሉም ወደ አንድነቱ ይመለሳል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. «ተመሳሳይ ሥራ» እና «እኩል ዋጋ ያለው ሥራ» በምን ይለያያሉ? ከአካባቢያችሁ ምሳሌ ስጡ።
2. በቀበሌያችሁ የምትሠራውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሥራ በአራቱ መመዘኛዎች ለኩ። ከዚህ በፊት ያላሰባችሁት ምን አገኛችሁ?
3. በትምህርት ቤታችሁ ወይም በቁምስናችሁ መጻሕፍትን የሚይዘው ማን ነው? ምን ሥልጠና አግኝቷል?
4. በፈቃድ የሚሰጥ አገልግሎት ወደ ግዴታ የሚለወጠው መቼ ነው? እንዳይለወጥ ምን ልናደርግ እንችላለን?
5. ባለፈው ዓመት ከመካከላችሁ ለሥልጠና የሄዱት እነማን ናቸው? መሄድ ሲገባቸው ያልሄዱትስ? ምክንያቱን ተወያዩበት።